ሎዛና ቤቴል፤ ሕዝብ ያለፈውን ዘመን ስለሚዘክርበት መንገድ የቀረበ ትምህርት

ሰው የዛሬን ብቻ ሳይሆን የትናንትንም ይዞ የሚኖር ፍጥረት ነው። ማን እንደ ሆነ ሲጠየቅ በመጀመሪያ የራሱን ስም ይናገራል፤ ቀጥሎ የአባቱን ስም ያስከትላል፤ ከዚያም አገሩን ይጠራል። በዚህም የራሱ ማንነት ከእርሱ በፊት ከነበሩት ሰዎችና ከተወለደበት ምድር ጋር የተያያዘ መሆኑን ሳያውቀው ይመሰክራል። እንግዲህ በዚህ ጽሑፍ ልንመረምረው የተነሣነው ነገር የሚከተለው ነው፤ አንድ ሕዝብ ያለፈውን ዘመን የሚይዘው በምንድር ነው? ሁለት ወገኖችስ ስለ አንድ ቦታ ልዩ ልዩ መታሰቢያ ቢኖራቸው የቤተ ክርስቲያን አገልጋይ እንዴት ሊቆም ይገባዋል?

ይህ ጥያቄ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ለምንኖር ካህናትና ምእመናን የመጻሕፍት ጥያቄ ብቻ አይደለም። ከዓለም ጤና ተነሥቶ በሞጆ በኩል ወደ ምሥራቅ የሚሄድ መንገደኛ አንዱ አዳማ፣ ሌላው ናዝሬት ወደሚላት ከተማ ይደርሳል። ከሞጆ ወደ አዲስ አበባ የሚያቀናውም ቢሾፍቱና ደብረ ዘይት በሚሉ ሁለት ስሞች ወደምትጠራው ከተማ ይገባል። በመቂ በኩል ወደ ደቡብ የሚወርደው ደግሞ አንዱ ባቱ፣ ሌላው ዝዋይ ሲላት ይሰማል። በለቅሶ ቤትም ሆነ በሰንበቴ አንዱ በለመደው ስም ከተማዋን ሲጠራ ሌላው ፊቱ ሲለወጥ፣ አንዳንድ ጊዜም ከአፉ ነጥቆ ሲያርመው የማያይ ካህን የለም። ነገሩ ትንሽ ይመስላል፤ ነገር ግን ከስሙ በስተ ኋላ የቆመው የአባቶች መታሰቢያ ስለ ሆነ ቁስሉ ጥልቅ ነው።

ሀ. ዝክር ምን ማለት ነው?

ዝክር የሚለው ቃል ዘከረ ከሚለው የግእዝ ግሥ የወጣ ነው። ዘከረ ማለት አሰበ፣ አስታወሰ ማለት ነው፤ አንድም ስምን አነሣ፣ ጠራ ማለት ነው። ተዝካር የምንለው የሙታን መታሰቢያ፣ ቤተ መዘክር የምንለውም የጥንት ዕቃና መጽሐፍ የሚጠበቅበት ቤት ከዚሁ ግሥ የተገኙ ናቸው። ተቃራኒው ዝንጋዔ ነው፤ ይኸውም መርሳት ነው።

በመጻሕፍት አነጋገር ዝክር የልቡና አሳብ ብቻ አይደለም። እግዚአብሔር ኖኅን አሰበው ተብሎ በተጻፈበት ስፍራ ወዲያው ነፋስ በምድር ላይ እንዳለፈና ውኃው እንደ ጐደለ ይነገራል (ዘፍ. 8፡1)። ማሰቡ ማዳን ሆነ ማለት ነው። ጌታችንም በምሴተ ሐሙስ ምሥጢረ ቍርባንን ለመታሰቢያው እንዲያደርጉት ደቀ መዛሙርቱን ሲያዝዝ በአሳባቸው ብቻ እንዲይዙት አላለም፤ ኅብስቱን ቈርሰው፣ ጽዋውን አንሥተው፣ በአንድነት ተሰብስበው እንዲፈጽሙት ነው (1ቆሮ. 11፡24-25)።

የሕዝብ መታሰቢያ እንዴት እንደሚቆም ግን ከመጽሐፈ ኢያሱ የበለጠ ግልጥ አድርጎ የሚያሳይ የለም (ኢያሱ 4)። እስራኤል ዮርዳኖስን በተሻገሩ ጊዜ ከወንዙ መካከል 12 ድንጋዮች ወስደው በጌልገላ አቆሙ። ምክንያቱም ልጆቻቸው ወደ ፊት የድንጋዮቹን ነገር በጠየቁ ጊዜ አባቶች የተደረገውን እንዲነግሯቸው ነው። በዚህ ትእዛዝ ሦስት ነገሮች ይገኛሉ። አንደኛው ድንጋዩ፣ ሁለተኛው የልጁ ጥያቄ፣ ሦስተኛው የአባቱ መልስ ነው። ድንጋዩ ቢፈልስ ልጁ የሚጠይቅበት ነገር ያጣል፤ ልጁ ባይጠይቅ ድንጋዩ ከሌሎች ድንጋዮች አይለይም፤ አባቱ የማይመልስ ወይም በሐሰት የሚመልስ ከሆነ ደግሞ ጥያቄው የስሕተት በር ይሆናል። ከሦስቱ አንዱ የጐደለ እንደ ሆነ መታሰቢያ አይጸናም።

ለ. ብቻውን የሚዘክር የለም

በአውሮፓ ስለዚህ ጉዳይ ከጻፉት ሊቃውንት ዋነኛው ሞሪስ ሃልብዋክስ የተባለው ፈረንሳዊ ነው። ይህ ሰው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1925 ባወጣው መጽሐፉ፣ ሰው የግሉ መስሎ የሚታየውን ትዝታ እንኳ የሚያስታውሰው በሚኖርበት ማኅበር ውስጥ ነው፤ ቤተ ሰቡ፣ የሃይማኖት ወገኖቹና የሥራ ባልደረቦቹ ትዝታውን ደግፈው ይይዙለታል፤ ከማኅበሩ የተለየ ሰው ትዝታውም እየደበዘዘ ይሄዳል ሲል አስተማረ። በ1941 ደግሞ ክርስቲያኖች የወንጌልን ታሪክ በቅድስት አገር ቦታዎች ላይ እንዴት እንዳኖሩት የሚመረምር ሌላ መጽሐፍ አሳተመ። ጀርመኖች ፈረንሳይን በያዙበት ዘመን ተይዞ ቡኽንቫልድ ወደ ተባለው የእስረኞች ሰፈር ተወሰደና በ1945 በዚያው ሞተ።

ይህ አሳብ ለእኛ እንግዳ አይደለም። ሟች በ40ኛው ቀን የሚታሰበው ዘመድና ጎረቤት በተሰበሰበበት ነው። የጽዋ ማኅበር አባላት በየወሩ በየተራቸው ዝክሩን ይዘክራሉ፤ አንዱ ቢረሳ ሌላው ያስታውሰዋል። ስንክሳሩም በየዕለቱ በጉባኤ ይነበባል እንጂ በሣጥን ተቈልፎ አይቀመጥም። አባቶቻችን ሥርዓቱን የሠሩት የሰው ልቡና ብቻውን እንደማይበቃ ስላወቁ ነው።

ሃልብዋክስ በዚህ ላይ አንድ ከባድ ነገር ጨምሯል። ማኅበር ያለፈውን ዘመን የሚያስበው እንደ ተፈጸመ ብቻ ሳይሆን ዛሬ እንደሚያስፈልገው አድርጎ ጭምር ነው ይላል። ይህን ቃል ያለ ምርመራ ልንቀበለው አይገባም፤ የተደረገው ነገር ተደርጓል፤ የማኅበር ፈቃድ እውነትን አይፈጥራትም፣ አያጠፋትምም። ቢሆንም ማስጠንቀቂያው ይጠቅመናል። መታሰቢያችን የእውነት ምስክር ነው ወይስ የዛሬ ፈቃዳችን መሣሪያ ብለን ራሳችንን እንድንጠይቅ ያስገድደናልና።

ሐ. የቅድስት አገር ስሞች በስምጥ ሸለቆ

የኢትዮጵያ ክርስቲያኖች የወንጌልን መታሰቢያ በገዛ ምድራቸው ላይ የመትከል ልማድ ያላቸው ከጥንት ጀምሮ ነው። ቀድሞ ሮሐ ትባል በነበረችው በላሊበላ ወንዙ ዮርዳኖስ፣ ከአብያተ ክርስቲያናቱ አንዱም ጎልጎታ ተብሏል። ወደ ኢየሩሳሌም ለመሄድ ያልተቻለው ምእመን ኢየሩሳሌምን በአገሩ ያገኛታል።

በእኛ አውራጃም ተመሳሳይ ነገር አለ። በዝዋይ ሐይቅ ከሚገኙት ደሴቶች አንዱ ገሊላ፣ አንዱ ደብረ ሲና፣ ትልቁም ደብረ ጽዮን ይባላል። ደብረ ጽዮንን ኦሮምኛ ተናጋሪዎች ቱሉ ጉዶ ይሏታል። በዚያ ያለው የማርያም ጽዮን ገዳም ትውፊት እንደሚለው በዮዲት ዘመን አክሱም በተጠቃች ጊዜ ካህናት ታቦተ ጽዮንን ይዘው ወደዚህ ሐይቅ ሸሹ፤ ለብዙ ዓመታትም ከተቀመጡ በኋላ ታቦቷ ወደ ስፍራዋ ተመለሰች። የደሴቶቹ ሕዝብ፣ ዛይ የሚባለው፣ ይህን ትውፊት በብራና መጻሕፍቱና በኅዳር 21 በዓሉ ጠብቆ ለልጅ ልጅ አስተላልፏል።

የዛይ ሕዝብ ነገር ለርእሳችን ትልቅ ትምህርት ይሰጠናል። ትውፊቱ ወደ አክሱም ይመራናል፤ ቋንቋው ግን፣ የቋንቋ ሊቃውንት እንደሚያስረዱት፣ ከስልጤና ከሐረሪ ቋንቋዎች ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ቸኩሎ የሚፈርድ ሰው ከሁለቱ አንዱ ሐሰት መሆን አለበት ይላል። አስተውሎ የሚመረምር ግን የሕዝቡ አረጋውያን ራሳቸው አባቶቻቸው በልዩ ልዩ ዘመን፣ ከልዩ ልዩ አገር መከራ ሸሽተው በሐይቁ እንደ ተጠለሉ የሚናገሩ መሆናቸውን ይሰማል። ስለዚህ ቋንቋው አንዱን ወገን፣ ትውፊቱም ሌላውን ወገን ሊያስብ ይችላል። ዛሬ ከዛይ ብዙዎቹ ከደሴቶቹ ወጥተው በመቂ፣ በባቱና በዙሪያው ይኖራሉ፤ ልጆቻቸውም ኦሮምኛና አማርኛ እየተናገሩ ያድጋሉ። ድንጋዩ በደሴት ላይ ቆሞ የሚጠይቀው ልጅ በየብስ ላይ ከሆነ መታሰቢያው በምን ይጸናል? ይህ ጥያቄ ገና መልስ የሚፈልግ ነው።

ናዝሬትና ደብረ ዘይት የሚሉት ስሞች ግን ከደሴቶቹ ስሞች ይለያሉ። እነዚህ በቀዳማዊ ዐፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን፣ አስቀድሞ ስም ለነበራቸው ከተሞች በመንግሥት ፈቃድ የተሰጡ ናቸው። የከተሞቹ የቀድሞ ስሞች ከ1983 ዓ.ም. በኋላ በተተከለው ሥርዓት በመንግሥት በኩል ተመልሰዋል፤ ዝዋይ ከተማም ባቱ ተብላለች። በአዲሱ ስም ተጠምቆ፣ ተድሮ፣ ወላጆቹን ቀብሮ ያረጀ ምእመን አለ፤ በእርሱ ዘንድ ናዝሬት የመንግሥት አዋጅ ሳይሆን የሕይወቱ መታሰቢያ ናት። በሌላው ወገን ደግሞ የአባቶቹ ስም ከመዝገብ ሲፋቅ ያየ ሰው አለ፤ በእርሱ ዘንድ አዳማ የፖለቲካ ቃል ሳይሆን የአያቱ ድምፅ ናት። ሁለቱም በአንድ ዐውደ ምሕረት ላይ ቆመው ያስቀድሳሉ።

መ. መጽሐፍ ስለ ቀድሞው ስም ምን ያስተምራል?

ያዕቆብ ከወንድሙ ከኤሳው ሸሽቶ በመንገድ ባደረበት ስፍራ መሰላሉን ባየ ጊዜ ቦታውን ቤቴል ብሎ ሰየመው፤ የእግዚአብሔር ቤት ማለት ነው። ከዚህ የሚበልጥ ቅዱስ ስም ለቦታ ሊሰጥ አይችልም። ሆኖም ሙሴ ታሪኩን ሲጽፍ የከተማዪቱ ስም አስቀድሞ ሎዛ እንደ ነበረ ሳይናገር አላለፈም (ዘፍ. 28፡19)። መጽሐፈ ኢያሱም ስለ ኬብሮን ሲያወራ አስቀድሞ ቂርያት አርባቅ ትባል እንደ ነበረ ይገልጣል (ኢያሱ 14፡15)። ኢየሩሳሌም እንኳ፣ የከተሞች ሁሉ እናት፣ ኢያቡስ የተባለችበት ስም ከመጽሐፍ አልተፋቀም (መሳ. 19፡10)።

ይህ ለምን ተጻፈ? ሎዛ የአሕዛብ ስም ነበረና ቢተውስ ማን ይጐዳ ነበር? መልሱ፣ መንፈስ ቅዱስ የእውነት መንፈስ ስለ ሆነ ነው። የቤቴል ቅድስና ሎዛን በመርሳት የሚጠበቅ ቢሆን ኖሮ ሙሴ በዝምታ ባለፈው ነበር። ነገር ግን የእግዚአብሔር ቤት የተባለው ስም ከእርሱ በፊት በዚያ ሰዎች እንደ ኖሩ በማመን አይረክስም። አንድም ያዕቆብ ያን ስፍራ ያገኘው ስደተኛ ሆኖ ስለ ነበረ፣ ያሳደረችውን ምድር ስም መካድ ለእንግዳ አይገባውም።

ከዚህ የምንማረው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ በቅዱሳት መካናት ስም የተሰየመች ከተማ የቀድሞ ስሟ ቢነሣ ሃይማኖት ተነካ ማለት አይገባም። ወንጌል የሚሰበከው በአዳማም እንደ ናዝሬት ነው። ሁለተኛ፣ የቀድሞው ስም ተመልሶ በጸና ጊዜም መካከለኛው ዘመን እንዳልነበረ ሊቈጠር አይገባም። ሎዛን ያልፋቀ መጽሐፍ ቤቴልንም አልፋቀም። ማንም በአንዱ ስም ሌላውን ሊቀብር ቢሞክር ከሁለቱ ምስክሮች አንዱን ከሸንጎ ማስወጣቱ ነው።

ሠ. የአረጋውያን ቃልና የገዥ ደብዳቤ

በዚህ ላይ የጽሕፈት ወዳጆች የሆንን እኛ ካህናት አንድ ተቃውሞ እናነሣ ይሆናል። እኛ ብራና አለን፣ ስንክሳር አለን፣ ዜና መዋዕል አለን፤ ያልተጻፈ ትዝታ ከተጻፈው ጋር እኩል ሊመዘን አይችልም የሚል ነው።

ለዚህ መልስ ለማግኘት ከስምጥ ሸለቆው ለጥቂት ጊዜ ወጥተን ወደ ደብረ ሊባኖስ እንሂድ። በየካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም በግራዚያኒ ላይ ቦምብ ከጣሉ በኋላ ፋሽስቶች በአዲስ አበባ ሕዝቡን ፈጁ። ነገሩ በዚህ ሳያበቃ የአቡነ ተክለ ሃይማኖት የፍልሰተ አጽም በዓል ግንቦት 12 ቀን ሲከበር ወታደሮች ገዳሙን ይዘው፣ በማግሥቱ መነኮሳቱን ላጋ ወልደ በተባለ ስፍራ ረሸኗቸው። ጥቂት ቀናት ቈይቶ በደብረ ብርሃን አጠገብ እንግጫ በተባለው ስፍራ ዲያቆናቱን ገደሉ። ግራዚያኒ ወደ ሮም በላከው ቴሌግራም 297 መነኮሳትና 23 ተባባሪዎች፣ በኋላም 129 ዲያቆናት፣ በጠቅላላው 449 ሰዎች እንደ ተገደሉ አስታወቀ። ለረጅም ዘመን የተጻፈው ማስረጃ ይህ ብቻ ነበር።

በአካባቢው የነበሩ አረጋውያን ግን የሞቱት ከዚህ እጅግ የሚበልጡ መሆናቸውን ይናገሩ ነበር። ኢያን ካምቤልና ደግፌ ገብረ ጻድቅ የተባሉ ተመራማሪዎች በ1980ዎቹ ከዐይን ምስክሮችና ከሟች ዘመዶች ቃል እየተቀበሉ፣ ቦታዎቹንም እየተመለከቱ ባደረጉት ምርመራ የሞቱት ቍጥር ከ1,400 እስከ 2,000 ገደማ እንደሚደርስ አሳዩ። ከብዙ ስፍራ ለበዓል የመጡ ምእመናንና እንግዶች በገዥው ደብዳቤ ላይ አልተቈጠሩም ነበርና። እንግዲህ እውነትን የጠበቀው የገዥው ወረቀት ሳይሆን የባላገሩ አፍ ሆኖ ተገኘ። አረጋውያኑ ድንጋዩን አሳዩ፤ ተመራማሪዎቹም እንደ ልጅ ጠየቁ፤ መልሱም ተገኘ።

ይህን በደስታ የምንቀበል ከሆነ በምን አንደበት የጎረቤታችንን አረጋዊ ቃል ልንንቅ እንችላለን? የኦሮሞ ሕዝብ የታየውንና የተሰማውን ከአባት ወደ ልጅ የሚያስተላልፍበት ሥርዓት አለው፤ አርጋ ዳጌቲ ይለዋል። በገዳ ሥርዓት ሥልጣን በየ8 ዓመቱ ከአንዱ ወደ ሌላው ስለሚተላለፍ ያለፈው ዘመን በአባ ገዳዎች ስም ይቈጠራል። የእኛ አባቶች ዘመኑን በነገሥታትና በጳጳሳት ስም እንደ ቈጠሩት ማለት ነው። ዶክተር አስመሮም ለገሠ በቦረና ያለውን ይህን አቈጣጠር መርምረው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1973 በመጽሐፍ አሳትመዋል፤ የገዳ ሥርዓትም በ2009 ዓ.ም. በዩኔስኮ የማይዳሰሱ ባህላዊ ቅርሶች መዝገብ ተጽፏል። ያልተጻፈ ሁሉ ተረት ነው የሚል ካህን የደብረ ሊባኖስን ሰማዕታት ሁለተኛ ጊዜ ከመዝገብ እንዳይፍቃቸው ይጠንቀቅ።

እርግጥ ነው፣ የአረጋዊ ቃል ሁሉ ያለ ምርመራ እውነት ነው ማለታችን አይደለም። ቂም የሚያስታውሰውን ያገዝፋል፤ ኵራትም የማይወደውን ይረሳል። ይህ በተጻፈውም ባልተጻፈውም፣ በእኛም በሌላውም ላይ የሚደርስ ነው። ስለዚህ የኦሪት ሕግ አንድ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር አፍ እንዲጸና አዘዘ (ዘዳ. 19፡15)። ሕዝቦችም ስለ ጋራ ዘመናቸው በሚነጋገሩበት ጊዜ እያንዳንዱ ለራሱ ዳኛ ከመሆን ይልቅ ለሌላው ምስክር ሊሆን ይገባዋል።

ረ. ከካህናትና ከምእመናን የሚፈለገው

በ2015 ዓ.ም. በጥርና በየካቲት ወራት ቤተ ክርስቲያናችን ምን ዐይነት ፈተና እንደ ደረሰባት ሁሉም ያውቀዋል። የቀኖናው ጉዳይ በቅዱስ ሲኖዶስ የተወሰነ ስለ ሆነ እኛ ወደዚያ አንገባም። ነገር ግን በዚያን ጊዜ ከተነሡት ጥያቄዎች አንዱ፣ ምእመናን ቃለ እግዚአብሔርን በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው የመስማታቸው ነገር እንደ ነበረ መርሳት አይገባም። አንድ ወጣት ወደ ቤተ ክርስቲያን ለመግባት የአያቱን ስም በደጅ መተው አለብኝ ብሎ ያሰበ እንደ ሆነ ከደጁ ይመለሳል። ሌላውም የተጠመቀበትን ከተማ ስም በጠራ ቍጥር እንደ ወራሪ የሚታይ ከመሰለው ልቡ ይዘጋል። ሁለቱንም የምናጣው በክርክር ሳይሆን ባለማስተዋል ነው።

ስለዚህ ካህን በስብከቱና በለቅሶ ቤት ንግግሩ የማንንም ቦታ ስም በንቀት አይጥራ፤ ከተማዪቱን በሁለት ስም የሚጠሩ ሁለት ምእመናን በፊቱ ቢከራከሩ ሎዛንና ቤቴልን ያስተምራቸው። የሰበካ ጉባኤ ጸሓፊዎች የደብራቸውን ታሪክ በሚጽፉበት ጊዜ ቦታው ቤተ ክርስቲያን ከመተከሉ በፊት ምን ይባል እንደ ነበረ፣ እነማን ይኖሩበት እንደ ነበረ ከአካባቢው አረጋውያን ጠይቀው ይመዝግቡ፤ የነጋሪውንና የጸሓፊውን ስም፣ ዕለቱንም ይጨምሩ። ይህ ሥራ ጊዜ የሚሰጥ አይደለም። በ1952 ዓ.ም. የቆቃ ግድብ ተሠርቶ የአዋሽ ውኃ በተኛ ጊዜ ከሐይቁ በታች የቀረው የግጦሽ ምድር ስም የሚገኘው በሽማግሌዎች አፍ ብቻ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ባለፉ ጊዜ ምድሪቱ ሁለተኛ ትሰጥማለች። በዛይ ደሴቶች ያሉ የብራና መጻሕፍትም እንዲሁ ከእርጥበትና ከብል የሚጠብቋቸውን፣ ከዚያም በላይ የሚያነቧቸውን ሰዎች ይፈልጋሉ። የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራንም ልጆችን መልስ ብቻ አያስጠኗቸው፤ መጠየቅንም ያስተምሯቸው። ድንጋዩ የቆመው ልጅ እንዲጠይቅ ነውና።

በመጨረሻም ይህ ሁሉ ከተደረገ በኋላ የሰው መታሰቢያ ጐደሎ መሆኑን ልናውቅ ይገባናል። በደሴት የሞቱ ስደተኞች ስማቸው ያልተጻፈ ብዙዎች ናቸው። በላጋ ወልደ ከወደቁት እንግዶች መካከል ዛሬ ማንም የማያውቃቸው አሉ። በዚህ ሸለቆ ከብት እየነዱ አልፈው መቃብራቸው የማይታወቅ አባቶችም አሉ። ማኅበር ያስባቸው ዘንድ ማኅበር የላቸውም። ሃልብዋክስ ከዚህ በላይ የሚለው ነገር የለውም፤ እኛ ግን አለን። ወንበዴው በመስቀል ላይ ሆኖ የለመነው ከርስትና ከሐውልት አንዱንም አልነበረም፤ ጌታ በመንግሥቱ እንዲያስበው ብቻ ነበር (ሉቃ. 23፡42)። ለመታሰብም በቃ። ድንቢጥ እንኳ በእግዚአብሔር ዘንድ ካልተረሳች (ሉቃ. 12፡6) በሎዛ የኖረውም በቤቴል የጸለየውም በእርሱ ፊት የታወቀ ነው። እግዚአብሔር ያልረሳውን እኛ ለመርሳት አንቸኵል፤ እርሱ በአንድነት የሚያስባቸውንም እኛ በመታሰቢያችን አንለያያቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።